ጨጓራን ማሳነስና የቆላ ኑሮ

በሸዋሮቢት ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር



በይፋት ቆላ ቆሞ ስለ ውፍረት ቀዶ ሕክምና ማውራት አንዳንዶቻችሁን ሳይከነክን አይቀርም። የ77ቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ እናቶችና አባቶች እፊቴ ተቀምጠዋል። ዛሬም ዝናቡ ሲያጥር ማሽላው ሳያሸት ይቀራል፤ በሴፍቲኔት እየተደገፈ ክረምቱን የሚገፋ ቤተሰብ ሩቅ ሳንሄድ እናገኛለን። እንዲህ ባለ አገር ጨጓራውን ለማሳነስ የሚያስብ ሰው ይኖራል ወይ ብትሉ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከልክ በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ከልክ በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2000 የወፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከተማ የሚኖሩትን ለብቻ ብንወስድ ደግሞ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ከልክ በላይ ክብደት አላት። ረሃብና ውፍረት በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሮቢት የደሴ መንገድ ከተማ ናት። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ይውላል፣ ነጋዴው ከሱቁ ወንበር አይነሳም፣ ሙቀቱ በእግር መሄድን ያስጠላል፣ ማንጎውና ፓፓያው በስኳር ተመትቶ በትልቅ ብርጭቆ ይቀርባል። በጫት ላይ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይወርዳል። ስኳር በሽታና ደም ግፊት ያለባቸው ጎረቤቶቻችን እየበዙ መሆናቸውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚህ ላይ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን አሉ። ሪያድና ኩዌት ሰው ቤት ሲሠሩ ማዳሟ «ተክሚም»፣ የጨጓራ ቅነሳ፣ ተደርጋ ስትመጣ አይተዋል። ውሃ በማንኪያ ያጠጧት፣ ሾርባ ያጠለሉላት እነሱ ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ከሕዝባቸው ቁጥር አንጻር ይህ ሕክምና በብዛት ከሚደረግባቸው ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ስለ ጨጓራ ቅነሳ ከብዙ የጤና ባለሙያ የበለጠ ያዩ ሴቶች እዚሁ በመካከላችን አሉ።

ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ የሚጠይቁኝ «የት ይሠራል? ስንት ያስከፍላል?» ብለው ነው። በአዲስ አበባ በጥቂት የግል ሕክምና ተቋማት ይሠራል፤ አቅም ያለው ቱርክና ሕንድ ይሄዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፤ ወጪው ከኪስ ነው። እኔ ግን ከዋጋውም ከቦታውም አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ከተሠራችሁ በኋላ እዚህ ሮቢት ላይ ማን ይከታተላችኋል? ቀዶ ሕክምናው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ክትትሉ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ከዚህ አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ለመድረስ እንኳ ከ1,280 ሜትር ተነስተን ጣርማበርን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ማለፍ አለብን። ሌሊት በድንገት የታመመ ሰው ያንን ዳገት መውጣቱን አስቡት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚቆረጥ ሰው ውሳኔውን ገና ግማሽ ላይ አድርሶታል።

አሁን ስለ ሥራው ምንነት ልንገራችሁ። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ስሊቭ የሚባለው፣ ዓረቦቹ ተክሚም የሚሉት፣ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል፤ የሚቀረው ጠባብ ቱቦ ነው። የተቆረጠው ተመልሶ አይገጠምም፤ ተጸጽቶ መመለስ የለም። ባይፓስ የሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ቢሞላ ከዚያ ከረጢት ይበልጣል። ሁለቱም ዛሬ በአብዛኛው ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል በላፓሮስኮፒ ይሠራሉ። የሚቀረው ጠባሳ አምስት ወይም ስድስት ትንንሽ ምልክት ነው። ይህን ጠባሳ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ በአሜሪካ አንጀትን ብቻ እያሳጠሩ ሰዎችን ያከሳሉ ነበር፤ ጉበት እየተበላሸ ብዙዎች ስለተጎዱ ተተወ። ባይፓስን እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቀዳጅ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነው። ያኔ የታሰበው ጨጓራ ሲጠብ ሰው ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ሲበላ ይከሳል የሚል ቀላል ስሌት ነበር። በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን ሲያገኙ ነገሩ ከዚያ የረቀቀ መሆኑ ታወቀ። ግሬሊን ረሃብን የሚቀሰቅስ ሲሆን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ነው፤ ስሊቭ ቆርጦ የሚያወጣው ያንኑ ክፍል ነው። ባይፓስ የተደረገላቸው የስኳር ሕመምተኞችም ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ፣ የደም ስኳራቸው ሲወርድ ይታያል። ሆዳቸው ብቻ ሳይሆን አንጀታቸው ለአንጎልና ለቆሽት የሚልከው መልእክት ተለውጧል ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በአገራችን በጣም የወፈረ ሰው «ሆዳም» ተብሎ ይሰደባል፤ በተለይ ሴት ከሆነች። ብዙ የወፈሩ ሰዎች ግን ደጋግመው ጾመዋል፣ ደጋግመው ከስተዋል፤ ሰውነታቸው ደጋግሞ መልሷቸዋል። ከባድ ውፍረት አንዴ ሥር ከሰደደ ሰውነት ያንን ክብደት እንደ ርስቱ ይከላከላል፤ ሰው ሲከሳ ረሃቡን ያብሳል፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቀንሳል። ይህ የባሕርይ ድክመት አይደለም። ቀዶ ሕክምናውን የመረጠ ሰውም አቋራጭ ፈለገ ሊባል አይገባም። ከፊቱ የሚጠብቀው መንገድ ረጅምና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

ለማን ነው የሚደረገው? ክብደታችሁን በኪሎ፣ ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ የጤና ተቋም ያወጣው መመሪያ ውጤቱ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርና ደም ግፊትን የመሰለ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ፈቅዶ ነበር። በ2022 ዓለም አቀፉ የውፍረት ቀዶ ሕክምና ማኅበርና የአሜሪካው አቻው መስፈርቱን አሻሽለው 35 ለደረሰ ሁሉ ይመከራል፣ ከ30 በላይ ሆኖ የስኳር ሕመም ላለበትም ይታሰባል አሉ። 1 ሜትር ከ60 ቁመት ያላት ሴት 35 የምትደርሰው 90 ኪሎ ገደማ ስትሆን ነው። 30 የምትደርሰው ደግሞ 77 ኪሎ ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ 70 ኪሎ ሆና ሠርጓ ስለደረሰ፣ ወይም ከወሊድ በኋላ ሆዷ ስላልገባ ወደዚህ የምታስብ እህት ብትኖር፣ አይሆንም እላታለሁ። ጤነኛ ጨጓራን ለቀሚስ ብሎ መቁረጥ ነውር ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚቆርጠውም ሐኪም ስሙን አያስከብርም።

ለሚያስፈልገው ሰው ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ይህንም ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። በስዊድን ከ4,000 በላይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታተም፣ የተቀደዱት ካልተቀደዱት ያነሰ ሞት እንደደረሰባቸው አሳየ። በ2020 በወጣው ውጤት የተቀደዱት በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ ጨምረዋል። ያም ሆኖ ዕድሜያቸው ከመላው ሕዝብ አማካይ ያንስ ነበር። ስኳር ይቀንሳል፣ ለአንዳንዱም መድኃኒቱ ይቆማል፤ ግፊት ይወርዳል፤ ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ይተኛል፤ ጉልበት የሸክሙ እፎይታ ይሰማዋል። ሰው በስሊቭ ከጠቅላላ ክብደቱ ሩብ ያህሉን፣ በባይፓስ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለውን ይቀንሳል። 110 ኪሎ የነበረች ሴት ከዓመት በኋላ 82 ገደማ ልትሆን ትችላለች። ጤናዋ ይለወጣል፤ ማስታወቂያው ላይ እንዳለችው ሞዴል ግን አትሆንም። የሞት አደጋውን በተመለከተ፣ በ2009 በአሜሪካ በታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ከ1,000 ሰው ሦስት ያህሉ ሞተዋል። ይህ ቁጥር በሥራው ከተካኑ ማዕከሎች የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ሐኪሙን «ስንት ሠርተሃል? ችግር ቢመጣ ሌሊት ማን ይነሳል?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከመወሰን በፊት መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። በአገራችን ከአዋቂው ግማሽ ያህሉ የጨጓራ ባክቴሪያ ኤች ፓይሎሪ አለበት፤ ቁስሉም ብዙ ነው። ባይፓስ ከተደረገ በኋላ ወደቀረው ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ መድረስ ስለማይቻል፣ ምርመራውና ሕክምናው አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ሲጋራ መቆም አለበት፤ ቁስልን ያመጣል፣ የተሰፋውንም እንዳይድን ያደርጋል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ አፍን ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ለሚያገግም ሰው ሦስቱም ጉዳት ናቸው። አረቄ ከባይፓስ በኋላ በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባል፤ ከቀዶው በፊት መጠጥ የማያውቁ ሰዎች እንኳ በሱስ የተያዙበት ጊዜ አለ። ደም ማነስ ያለባት ሴት መጀመሪያ ደሟ ይታከም። ድባቴ ያለበት ሰውም ለእሱ እርዳታ ይፈልግ፤ በምግብ ኀዘኑን ሲያስታግስ የኖረ ሰው ምግቡ ሲቀርበት ኀዘኑ ባዶ እጁን ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምስጢር ነው። አንዲት እህት ላንሳላችሁ፤ ስሟን አልጠራም። ከውጭ አገር ተሠርታ ስትመጣ ሁለት ሳምንት አልሞላትም ነበር። ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም፤ ሰው «ገንዘቧን ሆዷን በማስቆረጥ ጨረሰችው» እንዳይላት ፈራች። አንድ ማታ አተኮሳት። ትኩሳት በሮቢት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። የሄደችበት ክሊኒክ ወባ ብሎ መድኃኒት ሰጣት፣ ለሕመሟም ዳይክሎፌናክ ወጋት። ሆዷን የነካ ባለሙያ ጥቃቅን ጠባሳዎቹን ቢያይም ምን እንደሆኑ አልጠየቀም፤ እሷም «ጨጓራዬን ነው» አለች እንጂ አልተናገረችም። በነጋታው ልቧ እንደ ሮጠ ሰው ይመታ ጀመር፣ ግራ ትከሻዋን አመማት፣ ትንፋሿ አጠረ። እውነቱን ለወንድሟ የነገረችው ያኔ ነው። ጨጓራዋ ከተሰፋበት ቦታ እየፈሰሰ ነበር። ሌሊቱን ዳገቱን ወጥተው፣ በኋላም አዲስ አበባ ደርሳ፣ ከብዙ ሳምንት ስቃይ በኋላ ተረፈች። ወባ ነው ያለውን ባለሙያ ብቻውን አልወቅስም፤ ያልተነገረውን አያውቅም። ያልተነገረበትን ምክንያት ግን ሁላችንም እንካፈለዋለን፤ የፈራችው የእኛን አፍ ነው።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ያለበት ቤት ይህን ይያዝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ በዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያበጠና የሚያም ባት ከታየ የወባ ምርመራው ይደረግ፤ ነገር ግን ሰውየው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግባ። የቀደደውም ሐኪም ይደወልለት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ በመርፌም በእንክብልም፣ በተለይ ባይፓስ ለተደረገ ሰው አይሰጡም፤ ቁስል ያመጣሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃዋል፣ ካልበቃው ሐኪሙ ሌላ ያዝዛል።

አሁን ወደ ማገገሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃና የተጣራ ሾርባ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ወተትና ወፈር ያለ ፈሳሽ፤ እስከ አራተኛው የተፈጨና የላመ፤ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆን ቀስ በቀስ የወትሮው ምግብ። በዚህ ሁሉ የሮቢት ሙቀት ዋና ጠላት ነው። ጨጓራው ውሃ በአንዴ መቀበል አይችልም፤ ጥማቱ ግን የቆላ ጥማት ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል የሚገባው ሰው ጥሙ ሲመጣ ብርጭቆ አንስቶ ቢገለብጥ ያስመልሰዋል። ጠርሙስ ከጎን ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ በየጥቂት ደቂቃው መጎንጨት ነው። ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ሽንት ከጠቆረና ራስ ካዞረ ውሃ አንሷል ማለት ነው። የሚችል ሰው ከቀዶው በኋላ ከበጋው ሐሩር ወጥቶ ደጋ ካለ ዘመድ ቤት እንዲያገግም እመክራለሁ።

ደጋግሞ ማስመለስ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ሲያስመልስ የቆየ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ከሰውነቱ ያልቃል፤ ዓይኑ ይዋልላል፣ አካሄዱ ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል። እንዲህ ያለው ሰው ክሊኒክ ሲመጣ ቶሎ ተብሎ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻውን ከተሰቀለ ግን አንጎሉ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ያላችሁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይህን አንድ ነገር ይዛችሁልኝ ብትሄዱ ድካሜ ከንቱ አይሆንም።

ምግቡን በተመለከተ ይፋት ከብዙ አገር የተሻለ ዕድል አላት። ለሰው የሚያስፈልገው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ያ ካልተገኘ የሚቀንሰው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ነው። ማሾ እዚሁ ከእርሻችን ይወጣል። ሳይቀቀል ከ100 ግራሙ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ተቀቅሎ ውሃ ሲጠጣ ግን 7 ግራም ያህል ይሆናል። እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይሰጣል። ሂሳቡን ተመልከቱ። በአንድ ማዕድ ከጥቂት ማንኪያ በላይ የማይቀበል ሰው 60 ግራሙን ከማሾ ብቻ ላግኝ ቢል ወደ 850 ግራም የተቀቀለ ማሾ መብላት ሊኖርበት ነው፤ አይችልም። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዓሣና የተፈጨ ሥጋ ግድ ይላሉ። በማዕዱም ፕሮቲኑ ይቅደም፤ እንጀራው በመጨረሻ ይምጣ። ለስላሳ ዳቦና እንጀራ ሳይላሙ ከተዋጡ ተጠቅልለው ጠባቡ ቱቦ ላይ ሊይዙ ይችላሉ።

ጾሙ እዚህ ላይ ይነሳል። የእኛ ከተማ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ናት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወተትና እንቁላሉ ሁሉ ይቀራል። በረመዳን ደግሞ ሙሉ ቀን ውሃ የለም፤ በቆላ ሙቀት ይህ ለተቀደደ ሰው አደገኛ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት አትጹሙ እላለሁ። ይህን የምለው ሃይማኖትን ንቄ አይደለም፤ እስልምናም ለታመመ ፈቅዷል፣ ክርስቲያኑም ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከራል። ካህናትና ሼኾች ጉዳዩ ሲቀርብላቸው «ቀጥነሃል እንጂ ታመሃል ወይ?» ሳይሉ በሕክምናው ምክር እንዲረዱ በዚህ አጋጣሚ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከዚያ ጉርሻ አለ። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ክርስትና ላይ ሴትየዋ ሦስት ጉርሻ ስትበላ በቃኝ ትላለች። አክስቷ «ምነው ልጄ፣ እጄን ልትመልሺው ነው?» ትላታለች፣ ጎረቤት ደግሞ ትልቁን ጠቅልላ ትዘረጋለች። ያ አራተኛው ጉርሻ ደረቷ ላይ ይቆማል፤ ላብ ያጠምቃታል፣ ተነስታ ጓሮ ሄዳ ታስመልሳለች። እኛ በፍቅር ነው ያደረግነው፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ከሰው ቤት መቅረት ትጀምራለች። ከሰው መራቅ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው ክፉ ጎኖች አንዱ ነው። እጇን የያዘች ሴት ስታዩ አታባብሏት።

ስለ መክሳትም አፋችንን እንሰብስብ። በአገራችን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምስጋና ነው፤ ቶሎ የቀጠነ ሰው ደግሞ ክፉ በሽታ ያዘው ይባላል። በስድስት ወር ውስጥ ሃያ ኪሎ የቀነሰች ሴት በየደጁ እንዲህ ስትባል ትውላለች። በዚያው ጊዜ፣ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ፣ ፀጉሯ ይረግፋል፤ በአብዛኛው ይመለሳል፣ እሷ ግን ያኔ ይህን አታውቅም። ቆዳዋ ክንዷና ሆዷ ላይ ይንጠለጠላል። ባሏ ከጎኗ ቢሆን፣ ሐኪሙ ጋ አብሯት ቢሄድ፣ የሚነገረውን ቢሰማ የተሻለ መድኃኒት የለም።

ለሴቶች ሌላ ነገር ልጨምር። ክብደት ሲቀንስ የወር አበባ ይስተካከላል፣ ዓመታት ያልጸነሰች ሳትጠብቀው ትጸንሳለች። ከቀዶው በኋላ ግን ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና መቆየት አለበት፤ እናቲቱ ራሷ ሳትጠግብ ለጽንሱ የሚተርፍ የለም። ባይፓስ ከተደረገ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይሠራ ይችላል፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም መርፌው ይሻላል። ለማርገዝ ስታስቡ ፎሊክ አሲድ አስቀድማችሁ ጀምሩ፤ የሕፃናት የአከርካሪ ክፍተት በአገራችን ብዙ ነው።

እንክብሎቹ ዕድሜ ልክ ናቸው፦ ብዙ ቫይታሚን በአንድ የያዘው፣ ብረት፣ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር፣ ቢ12። ብረቱና ካልሲየሙ አንድ ላይ አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ብረቱ ከቡናና ከሻይም ይራቅ፤ ይህ ለእኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ቡናው ይዘግይ። ቢ12 በወር አንድ ጊዜ በመርፌ ሊሰጥ ይችላል፣ ለዚህም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ሰዎች መጠኑ ካልተቀነሰላቸው ስኳራቸው ወይም ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል ለእነሱ የግድ ነው።

ክብደቱ ሊመለስም ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛው ሰው ጥቂት ኪሎ ይጨምራል፤ አንዳንዱ ብዙ ይጨምራል። ቀዶው የሚያጠብበው ለደረቅ ምግብ ነው፤ ጭማቂው፣ ለስላሳው፣ ማሩና ጠጁ ያለ ችግር ይወርዳሉ። ክብደት የተመለሰበት ሰው ከሐኪሙ መሸሽ የለበትም። የሚረዱ መድኃኒቶችም የምክር አገልግሎትም አሉ።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ፣ እዚህ ማን ይከታተላል ወዳልሁት ልመለስ። ሸዋሮቢት ሆስፒታል ቀዶውን መሥራት አይጠበቅበትም። ክትትሉን ግን በአብዛኛው መሥራት ይችላል፦ ክብደት መመዝገብ፣ ግፊትና ስኳር መለካት፣ ደም ማነስን መመርመር፣ የቢ12 መርፌ መስጠት። ምርመራው በሦስት፣ በስድስት፣ በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ለቢ12ና ለቫይታሚን ዲ መጠን ምርመራ ወደ ትልቅ ከተማ መውጣት ግድ ቢሆን እንኳ በዓመት አንዴ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊዎችም እዚህ ስላላችሁ፣ ለእነዚህ ሰዎች አንድ መዝገብ እንድትከፍቱ እጠይቃለሁ።

ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ተሠርታችሁ የምትመለሱ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ከሐኪማችሁ አንድ ወረቀት ጽፎ እንዲሰጣችሁ ለምኑ። በዓረብኛ ወይም በቱርክኛ ብቻ ከሆነ አትቀበሉት፤ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የቀዶው ዓይነት፣ ቀኑ፣ የገጠመ ችግር ካለ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የማይሰጣችሁ መድኃኒት፣ የሐኪሙ ስልክ ይኑርበት። ኮፒውን ቤት አስቀምጡ፣ አንዱን ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ከዓመታት በፊት ተሠርታችሁ ማንም ሳያውቅላችሁ እዚሁ መካከላችን የምትኖሩ ካላችሁ፣ ደህና ነኝ ብትሉም እንኳ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ካርድ አውጡ፣ የደም ማነስ ምርመራ አድርጉ፤ የቢ12 እጥረት እጅና እግር እስኪያደነዝዝ ድረስ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።